ማንም ያልወጣበት ጉም

ሃሊና ግራቢዬች ከመናገር በፊት ማሰብን እንደ ጊዜ ማባከን ትቆጥረው ነበር፤ ኤሊዔዘር ኪኞኔስ ግን አስቦ ከጨረሰም በኋላ መናገሩ ያስፈልግ እንደሆነ እንደገና የሚያስብ ሰው ነው። እሷ የአባቷን ሰፊ ትከሻ ወርሳ፣ ጭቃ በለበሰ ቦቲ ትራክተር ላይ ቆማ ስትጣራ ድምፅዋ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። እሱ ሸሚዙን ሳይተኩስ ከቤት አይወጣም፤ ሲስቅ እንኳ ሰው እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ይመስላል።

እሷ ያደገችው አሜሪካ ውስጥ ከኮኔክቲከት ወንዝ ዳር፣ የሲጋር መጠቅለያ የሚሆነው ሰፊ ቅጠል ትምባሆ በሚበቅልበት የፖላንድ ስደተኞች መንደር ነው። እሱ ያደገው ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች በሚገኘው ከተማ ነው። አባቱ በየበጋው ከፖርቶ ሪኮ እየመጡ በእነዚሁ ማሳዎች ላይ ጎንበስ ብለው የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸው ትምባሆ እንዳይነካ ምለው አሳደጉት። መሐላቸው የሠራው በግማሽ ነው። ልጁ ቅጠሉን አልቆረጠም፣ አልሰቀለም፤ ለአንድ የሲጋር ኩባንያ እየዳሰሰ የሚገዛ ሰው ሆነ።

የተገናኙት በስህተት ነበር። ትምባሆው ከነግንዱ በዘንግ ላይ ተሰክቶ በረጃጅሞቹ የእንጨት ማድረቂያዎች ውስጥ መኸሩን ሙሉ ተሰቅሎ ይከርማል። በዚያን ጊዜ ሲነኩት እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰባበራል። ጉም ሲወርድ ብቻ እርጥበቱን ጠጥቶ እንደ ጓንት ቆዳ ይለሰልሳል፤ ከተሰቀለበት የሚያወርዱትም በዚያ ቀን ነው። ስለዚህ ጉም የወረደ ዕለት በዚያ ሸለቆ ሁሉም ነገር ይቆማል። የሃሊና ታላቅ ወንድም ሌሼክ የተወለደው ጉም በወረደበት ማለዳ ስለነበር፣ አባቱ አቶ ቦሌስዋቭ የበኩር ልጃቸውን ያዩት የመጨረሻው ዘንግ መሬት ከነካ በኋላ ነው። እናቱ ወይዘሮ ያድቪጋ ይህን እስከ ዛሬ ያነሡባቸዋል።

ከአራት ዓመት በፊት በአንዱ የኅዳር ጉም ኤሊዔዘር ቅጠል ለማየት ብቅ አለ። ሃሊና ከላይኛው አግዳሚ ላይ ሆና ቁልቁል አየችውና የቀን ሠራተኛ መሰላት።

«አንተ ሸሚዛሙ፣ ምን አፍህን ከፍተህ ታየኛለህ? ና ውጣ እንጂ።»

ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለና ወጣ። ማን እንደሆነ ሳይናገር እስከ እኩለ ቀን ዘንግ ሲቀበል ዋለ። አቶ ቦሌስዋቭ ገብተው የዓመት ልፋታቸውን ዋጋ የሚቆርጠው ሰው ላብ አጥምቆት አግዳሚ ላይ ቆሞ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ሃሊና ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የገረማት፤ ሰውዬው ስድቧን እንደ ምርቃት ተቀብሎ ሲያያት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል አልነበረም። በዚያ አገር ገዢ በገበሬ ማዕድ አይቀመጥም። ጎረቤት «ዋጋው የተሰጠው ለቅጠሉ ነው ወይስ ለሴትየዋ ፒዬሮጊ?» እንዳይል፣ ገዢው በረንዳ ላይ ቆሞ ውኃ ይጠጣል፣ ቅጠሉን ይዳስሳል፣ ይሄዳል። በድንች የተሞላ ሊጥ ይህን ያህል ካስጠረጠረ፣ የገበሬው ልጅ ምን ልታስብል እንደምትችል ሁለቱም አልጠፋቸውም። ስለዚህ እሁድ እሁድ ከወንዙ ድልድይ ሥር መኪናው ውስጥ ይገናኙ ነበር። እሷ ታወራለች፤ እሱ ያዳምጣል። ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ የአባቷ ገዢ መሆኑ ሲቀር ለቤተሰብ ሊነግሩ ተስማምተው ነበር፤ ዝውውሩም ከዘንድሮው ሽያጭ በኋላ እንደሚሆን ነግሯታል። «የዘንድሮው ቅጠል ይሸጥና» የሚለው አባባል የሁለቱ ጸሎት ሆነ።

ዘንድሮም ጉሙ ወረደ፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሃሊና በመስኮት ስታይ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ቤት ጠፍቷል። ልቧ ዘለለ። ቦቲዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ደረጃውን ስትወርድ አባቷን ወጥ ቤት፣ በሌሊት ልብሳቸው ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«አባባ፣ ጉም ነው።»

«አይቻለሁ።»

አልተነሡም። እናቷ ጀርባቸውን ሰጥተው የታጠበ ሳህን መልሰው ያጥባሉ። ሃሊና አባቷ የታመሙ መስሏት ግንባራቸውን ልትነካ እጇን ዘረጋች፤ እጇን ቀስ ብለው መለሱት።

«ተቀመጪ ልጄ። ገዢ የለም። ዘንድሮም የለም፤ ከርሞም የለም።»

ከዚያ በኋላ የነገሯት እየተቆራረጠ ነበር የሚሰማት። ኩባንያው ቅጠሉን ከሩቅ አገር ሊያመጣ ወስኗል፤ በዚህ መንገድ ዳር ካሉት ገበሬዎች ከአንዳቸውም አይገዛም። ሌሼክ በቦታው ላይ መጋዘን መሥራት የሚፈልግ ሰው አግኝቷል፤ እሁድ ውሉን ይዞ ይመጣል፤ አባቷም ይፈርማሉ። ለእሷ ቃል የተገባላት መሬት ነበር።

«ማን ነው ገዢ የለም ያለህ?»

«ኤሊዔዘር። ቅዳሜ ነው የነገረኝ። ከነገረኝም በኋላ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።»

ሃሊና ከሁለቱ የትኛው እንዳደነዘዛት መለየት አቃታት። ገዢ በዚህ ወንበር ተቀምጦ አያውቅም። ደግሞም ከቅዳሜ ማግስት እሁድ ነው፤ እሁድ ደግሞ ድልድዩ ሥር አብራው ነበረች። ብርቱካን ልጦ ሰጥቷት፣ ስለ ሰርጋቸው ስትቀባጥር ወንዙን ሲያይ ቆይቶ ነበር።

ቦቲዋን አጥልቃ ወጣች። መንገዱ ላይ ስትደርስ ባለችበት ቆመች። ጉም በወረደ ማለዳ ይህ መንገድ በትራክተር ድምፅና በሰው ጥሪ ይናወጥ ነበር። አሁን የራሷን ትንፋሽ ብቻ ትሰማለች። የጎረቤቶቹ ማድረቂያዎች በሮቻቸው እንደተዘጉ በነጩ ውስጥ ተገትረዋል። ማንም አልወጣም። ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት።

ወደ ማድረቂያቸው ሄዳ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና አግዳሚው ላይ ወጥታ ዘንጎቹን ማውረድ ጀመረች። የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ ከላይ የሚያቀብል፣ ከታች የሚቀበል ይፈልጋል። እሷ እያንዳንዱን ታቅፋ ትወርዳለች፣ አስቀምጣ ትወጣለች። ለማን እንደምታወርድ አታውቅም። ቅጠሉ ለስልሶ ሳለ ተሰቅሎ መተው ግን ሕፃን እያለቀሰ ጥሎ እንደ መሄድ ሆነባት።

ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። ጉሙን አይቶ የመጣው ኤሊዔዘር ኮቱን ምስማር ላይ ሰቅሎ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። ሳታየው ዘንጉን አቀበለችው።

«እሁድ ዕለት ብርቱካን ላጥክልኝ» አለች።

«አዎ።»

«ስለ ሰርግ ስለፈልፍ ዝም ብለህ ሰማኸኝ።»

«አዎ።»

«ሌላ ቃል አልፈጠረብህም?»

ብዙ ዘንግ ከተቀባበሉ በኋላ ነው የተናገረው። ቅዳሜ ዕለት አባቷ ለመኑት። ትምህርቷን አቋርጣ መሬታቸው ላይ እንድትቀር ያደረጓት እሳቸው ስለሆኑ፣ ይህንንም ከእሳቸው አፍ መስማት እንዳለባት ነገሩት። እሱም ቃል ሰጠ። በየቀኑ ነግረዋት ይሆናል እያለ ስልኩን ሲጠብቅ ሰነበተ። እሱም ራሱ፣ የሚገዛ ቅጠል ስለሌለ፣ ከዚህ ወር በኋላ ሥራ የለውም።

ሃሊና ዘንጉን እንደያዘች ቆመች። «ግን እንዴት ወደ ቤት አስገባህ? አባቴ እኮ ነው።»

«በረንዳው ላይ ቆሜ ስነግራቸው ‹እንግዲህ ገዢ አይደለህም፤ ግባና ብላ› አሉኝ። አራት ዓመት የተመኘሁት ወንበር ነበር፣ ሃሊና። ምግቡ አልወርድ አለኝ።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ጉሙ በተከፈተው በር እየገባ በሁለቱ መካከል አለፈ። ከላይ ወደ ታች አየችው፤ ሸሚዙ ተጨማድዷል፤ ያን ጊዜ ነው እንዴት እንደሰነበተ የገባት።

«ሁለተኛ ከጀርባዬ ከአባቴ ጋር ቃል እንዳትገባ።»

«አልገባም።»

«ከእናቴም ጋር።»

«እሳቸውን እንቢ ማለት ያስፈራል። ግን እሺ።»

ሳቋ ከእንባዋ ጋር አብሮ ወጣ። ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ የቻሉትን አወረዱ፤ የቀረውን ተዉት። ያን ዕለት ሲነጋገሩ እሱ ከወትሮው ብዙ አወራ፤ እሷ ደግሞ ከወትሮዋ ብዙ አሰበች።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሌሼክ ውሉንና እስክሪብቶውን ሳህኖቹ መካከል ዘርግቶ፣ ሰውየው እስከ ማክሰኞ ብቻ እንደሚጠብቅ ለአባቱ እያስረዳ ነበር። ሃሊና ኤሊዔዘርን አስከትላ ገባች፤ ሁለቱም አልተቀመጡም።

«ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን» አለች።

ወይዘሮ ያድቪጋ ጭልፋቸውን ከድስቱ ሳያወጡ፣ እሁድ እሁድ ድልድይ ሥር አሣ የሚያጠምድ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለእናት መንገር ምን ይሉታል አሉ። በመገረም አፉን የከፈተው ሌሼክ ብቻ ነበር።

«አልጨረስኩም» አለች ሃሊና። «አባባ፣ ውሉን አትፈርምም። መሬቱን ለእኔ እንዳልከኝ ለእኔ ትተወዋለህ። ትምባሆ ግን አልተክልበትም። ማድረቂያዎቹን እናፈርሳቸዋለን።»

ጭልፋው ቆመ። ሊያሻሽጥ የመጣው ሌሼክ እንኳ እህቱን ያላወቃት ይመስል አፍጥጦ አያት። በዚህ ቤት ትምባሆን እንደ እሷ የወደደ ሰው አልነበረም።

«የአባቴን ማድረቂያ?» አሉ አቶ ቦሌስዋቭ።

«አዎ፣ እሱንም። ባዶውን ተገትሮ ስታየው እንድታረጅ አልፈልግም። በቦታው አስፓራገስ አትክልት እተክላለሁ። እስኪቆረጥ ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድንች አለ፣ ኤሊዔዘርም ከተማ ሥራ ይፈልጋል።»

አቶ ቦሌስዋቭ ወደ ኤሊዔዘር ዞሩ። «አንተስ በዚህ ተስማምተሃል?»

ኤሊዔዘር እንደ ልማዱ አሰበ። «ጋሼ፣ ያደግሁት አባቴን ይህ መሬት ሲያጎብጣቸው እያየሁ ነው። የጠላሁት ግን መሬቱን አይደለም። ከፈቀዱልኝ እዚሁ እቀራለሁ።»

ሽማግሌው በመስኮቱ ወደ ማሳው ዳር ተመለከቱ።

«መቼ ልትጀምሩ?» አሉ በመጨረሻ።

«ነገ ጠዋት» አለች ሃሊና። «የመጀመሪያውን ጣውላ ግን አንተ ነህ የምትነቅለው፣ አባባ። ካንተ በፊት እኛ አንነካውም።»