የተጻፈበት ገጽ

ምላጩን ገጹ ላይ ልታሳርፍ ስትል ብስክሌቷን አየቻት።

በሰማያዊ እስክሪብቶ የተሳለች፣ ከገጹ ጥግ የተወሸቀች፣ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት። እንዲህ ያለ ብስክሌት የሚስል አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ሦስተኛው ጎማ ምን ያደርጋል?» ሲሉት «መጠባበቂያ ነዋ!» ይል የነበረው ታላቅ ወንድሟ። ከሞተ ስምንት ወር ሆኖታል።

«መርፌ፣ ምን ሆንሽ? ቁረጪ እንጂ!» አላት ሬዲዮ ከጠረጴዛው ማዶ። መርፌ ያሏት ደብተር ስትሰፋ እጇ ስለሚፈጥን ነው። እሱን ለምን ሬዲዮ እንዳሉት አሥር ደቂቃ አብሮት የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች እንደ ወትሮው ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰብስበው ይሠራሉ። ከአሮጌ ደብተሮች ባዶ የቀሩትን ገጾች ቆርጠው ያወጣሉ፣ ይሰፏቸዋል፣ አዲስ ደብተር አድርገው ይሸጣሉ። የተጻፈባቸው ገጾች ደግሞ ተቦጫጭቀው በርሜል ውስጥ ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ ተወቅጠው፣ ተጨምቀው፣ ደርቀው ሽፋን ይሆናሉ። አንዲት ቅዳጅ አትባክንም። በሽያጩ የሚገዛው ለትምህርት ቤቱ የሕክምና ክፍል አልጋ ነው። ወንድሟ ክፍል ውስጥ የወደቀ ቀን ሁለት ዴስክ ገጥመው ነበር ያስተኙት። «ለምን አልጋ?» ብሎ የጠየቀ ልጅ የለም።

«ይሄን ደብተር ማን አመጣው?» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«እናትሽ ናቸዋ! ሐሙስ አንቺ ፈተና ላይ እያለሽ በር ላይ ጠርተው ሰጡኝ። ስድስት ነበሩ። አልነገሩሽም እንዴ?»

«አምስቱስ?»

ሬዲዮ በዓይኑ ብቻ ወደ በርሜሉ አመለከተ።

እጅጌዋን እንኳ ሳትሰበስብ እጇን እስከ ክርኗ ነከረች። ወረቀቱ እንደ ቀጠነ ሊጥ ሆኗል። እየዛቀች ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው፣ በጣቶቿ በተነችው፣ ፈለገች። ጥፍር በምታህል ቁራጭ ላይ ግማሽ ጎማ አገኘች። ልታነሳት ስትል እሷም ጣቷ ላይ ሟሟች። ያኔ ሆድ ባሳትና አለቀሰች፤ ንፍጧን እየሳበች፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳትል።

«ትናንት ነው የዘፈዘፍኳቸው፤ እኔ ምን አውቄ!» አለ ሬዲዮ፣ እሱም ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «‹የተጻፈበትን መቼ ትመልሱልኛላችሁ?› ሲሉኝ የምራቸውን አልመሰለኝም። ‹በቅርብ› ብያቸው ሄድኩ።»

«ትመልሱልኛላችሁ አለች?»

«ማስታወቂያው ባዶውን ብቻ ነው የሚለው አሉ።»

መርፌ ቀና ብላ በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አየች። በእናቷ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀው ንዴት ወደ ራሷ ዞረ። ማስታወቂያውን የጻፈችው እሷ ነበረች፤ ያውም ከሁሉም ፊደሏ ያምራል ተብላ። «አሮጌ ደብተር አለዎት? ባዶ ገጾቹን ይስጡን!» ስለ ቀሩት ገጾች አንድም ቃል የለም። እነሱ በርሜሉን በየሳምንቱ ስለሚያዩት፣ የማያየው ሰው እንዳለ ትዝ አላላትም።

«ስሚ» አለ ሬዲዮ ጠጋ ብሎ፣ «‹ገና አልደረስንበትም› በያቸው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር ካለፈ ይረሱታል። በናትሽ አታካብጂው።»

መርፌ የተረፈውን ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ስትወጣ በሩ ጋ ቆማ በእርጥብ እጇ ከማስታወቂያው ሥር ጨመረች፦ «የተጻፈባቸው ገጾች ይቦጫጨቃሉ፤ አይመለሱም። የምትወዱት ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ አስቀሩ።» ፊደሉ ተንጋደደ፤ እንደተንጋደደ ተወችው።

ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ቀጥ አለች። እናቷ ታንጎራጉራለች። ልብስ ሰፊዋ እናቷ ከስምንት ወር ወዲህ ከማሽኗ በቀር ድምፅ አሰምታ አታውቅም።

«መጣሽ የኔ እናት? ነይ እስቲ እይልኝ» አለች፣ እግሯን ከማሽኑ መርገጫ ሳታነሳ። ከደንበኞች ልብስ በተራረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ከረጢት እየሰፋች ነው። «ሳልነግርሽ ደብተሮቹን ሰጠኋቸው፤ እንዳትቀየሚኝ። ባዶው ገጽ ነው አላስችል ያለኝ። ስገልጥ ስገልጥ ጽሑፉ ያልቅና ባዶው ይመጣል። እሱን የሰው ልጅ ይጻፍበት አልኩ። የእሱን ጽሑፍ ደግሞ እዚህ አኖረዋለሁ። ስድስቱንም እንዲይዝ ሰፋ አድርጌዋለሁ። አይበቃም?»

«ይበቃል።»

«መቼ ነው የሚመልሱልኝ?»

«በቅርብ» የምትለዋ ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች። ትንሽ ቃል ናት። ብትላት እንጉርጉሮው ለአንድ ሳምንት፣ ምናልባት ለሁለት ሳምንት ይቀጥላል። መርፌ ያንን እንጉርጉሮ እንዴት ናፍቃው ነበር!

በርጩማ ስባ ጉልበቷ የእናቷን ጉልበት እስኪነካ ቀረበች። እጅጌዋ ላይ ወረቀቱ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሠርቷል።

«እማዬ» አለች፣ «ማሽኑን አንዴ አቁሚው።»

የእናቷ እግር መርገጫው ላይ ቀረ። መርፌ ደብተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ባላለቀው ከረጢት ላይ አስቀመጠችው።

«የተረፈችው ይቺ ብቻ ናት» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገርሽ።»