ሁለተኛ አንባቢ

እኔ ዝም በይ ከምባል ውኃ አትጠጪ ብባል ይቀለኛል። ቤተሰቡም ሰፈሩም ይህን ያውቃል። ስለዚህ የዩኒቨርሲቲያችን ቤተ መጻሕፍት የጤና ክፍል ኃላፊ፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው ሴት፣ «ከዛሬ ጀምሮ አብሮሽ ለሚያነበው ልጅ ስለ ሥራው አንድ ቃል እንዳትተነፍሺለት» ሲሉኝ፣ የፈራሁት ፍቅር ይይዘኛል ብዬ ሳይሆን እፈነዳለሁ ብዬ ነው።

የባዮሜዲካል ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ልጇን ስትወልድ የደም ግፊቷ አሻቅቦ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ያን ቀን ሐኪሙ «ቀድመን ብናውቅ ኖሮ» ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለመመረቂያ ሥራዬም ይህንኑ ያዝኩ። የእርግዝና ደም ግፊት ከመምጣቱ በፊት የሚጠቁም የደም ምርመራ አለ ወይ? እስከ ዛሬ የተጻፈውን ሁሉ ፈልጌ፣ አበጥሬ፣ አንድ ላይ ማየት ነበረብኝ።

ፍለጋውን ያስተማሩኝ እትዬ ናቸው። በራሴ ብልሃት ሁለት ቃል ጽፌ የመጣልኝ የጽሑፍ መዓት ዕድሜ ልክ ቢነበብ የሚያልቅ አልነበረም። እሳቸው ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «መረብሽ ሰፊ ነው፤ ዓሣውም ጭቃውም ገባልሽ» አሉኝ። የበሽታውን ልዩ ልዩ መጠሪያዎች በአንድ ወገን፣ የምርመራዎቹን ስሞች በሌላ ወገን አሰለፍን። ከየመረጃ ቋቱ ተደጋግሞ የመጣውን አወጣን። የተረፈው ብዙ ቢሆንም ሰው የሚጨርሰው ሆነ።

«አሁን ሁለተኛ አንባቢ ያስፈልግሻል» አሉ። «ሰው ብቻውን ካበጠረ የወደደውን ያስገባል፣ የጠላውን ይጥላል። ሁለት ሆናችሁ ለየብቻ ታነባላችሁ። እያንዳንዱን ጽሑፍ ወይ ይግባ ወይ ይውጣ ትላላችሁ፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ። ሳምንቱ ሲያልቅ ውሳኔያችሁ እኔ ፊት ይከፈታል።»

«ሁለተኛ አንባቢ ከየት ላምጣ?»

እትዬ ዞር ሲሉ፣ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት የሚመጣለትን መጽሔት እየጠበቀ ባንኮኒው ላይ የሚያንቀላፋ ረጅም ልጅ አዩ።

«አንተ! ሥራ ፈትተሃል?»

«ኧረ እትዬ፣ እየጠበቅኩ ነው።»

«እያነበብክ ጠብቅ።»

እንዲህ ነው የተገናኘነው። እንደ እኔው ተማሪ ነው፤ ከትምህርቱ ጎን ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በምጥ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እትዬ ኮምፒውተሩን ከፈቱና ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔ ሁሉንም አስገብቻለሁ። እሱ ሁሉንም አስወጥቷል።

«የአንቺ በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። አንተ ደግሞ የምን ዘበኛ ነህ?»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ ዘበኛው ሆኖ ቀረ።

«ይሄን ለምን አስወጣኸው?» ብዬ ተነሣሁበት።

«በአይጥ ላይ የተሠራ ነው።»

«አይጧ እኮ እርጉዝ ናት!»

«እርጉዝም ብትሆን አይጥ ናት።»

«ደም ግፊቷ ጨምሯል እኮ!»

«አንቺ አጠገቧ ከነበርሽ ይጨምራል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ፊቱ ፍንክች አላለም፤ ዓይኖቹ ብቻ ጠርዛቸው ላይ ይስቃሉ። ያን ቀን ነው መሰለኝ የተያዝኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሳምንቱን ሙሉ ዝም። ምን እንደወሰነ ከፊቱ እንዳላነብ ሆን ብዬ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። መስኮቱ ግን እሱኑ መልሶ ያሳየኛል። ጉንፋን ይዞኝ ስስል በዋልኩ ማግስት ወንበሬ ፊት የሳል ከረሜላ አገኘሁ። ያመጣው ሰው አቀርቅሮ ያነባል፤ ጆሮው ግን ቀልቷል። አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ከረሜላውን እየመጠጥኩ ዋልኩ።

እትዬ ስንስማማ «ልዩነት የለም» ብለው ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ያልፋሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ ቃል እንደ ክረምት ፀሐይ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነበር። ሳምንታት ሲሄዱ ግን ልዩነት የለም፣ ልዩነት የለም እያሉ የሚያልፉበት ቀን መጣ። እኔ በደስታ ውጤቱን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ።

አማካሪዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሁለት ሰው እንዲህ አይስማማም። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይስማሙም። እውነቱን ንገሪኝ፣ ተኮራርጃችኋል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት እየተቀመጣችሁ ማን ያምናችኋል? ነገሩ ካልጠራ ንባቡ በሙሉ ይወድቃል። በሌላ አንባቢ ከሀ ትጀምሪያለሽ፣ ምረቃሽም ለከርሞ ነው።»

ለዘበኛው ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። «ገባኝ» አለና ወረቀቱን ሰበሰበ። በማግስቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። «ነገሩ እስኪጠራ አንገናኝ» የሚል አጭር መልእክት ብቻ ላከልኝ።

«ሲብስ ጊዜ ጥሎኝ ሄደ» ብዬ ለእህቴ በስልክ አለቀስኩ።

«የምታለቅሺው ለሥራሽ ነው ለልጁ?»

«ለሥራዬ ነዋ!»

«እስካሁን ግን ያወራሽኝ ስለ ልጁ ብቻ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁባት። እውነቷን ነበር።

እትዬ ሲሰሙ ተቆጡ። አማካሪዬ ቢሮ ድረስ ሄደው «ካላመኑ ይፈትኗቸው» አሏቸው። እኛ ፍለጋውን ከጨረስን ወዲህ በመረጃ ቋቶቹ ውስጥ አዳዲስ ጽሑፎች ገብተው ነበር። እትዬ ራሳቸው ፈልገው፣ ሁለታችንም ያላየናቸውን ከነሙሉ ገጻቸው አተሙ። እኔን ላይኛው ፎቅ ጋዜጣ ክፍል፣ እሱን ምድር ቤት የቆዩ መጽሔቶች መጋዘን አስገቡን፤ ስልካችንንም ወሰዱ።

ዘበኛው የሚታይበት መስኮት የለም፤ የሚሰማ ትንፋሽም የለም። ሆኖም እያንዳንዱን ጽሑፍ ባነሣሁ ቁጥር «እርጉዝም ብትሆን አይጥ ናት» የሚለኝ ድምፅ አልለቅ አለኝ። ተቀይሜው እንኳ ያስቀኛል።

ስንጨርስ እትዬ ቢሮ ተሰበሰብን። አማካሪዬ እጃቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል። ዘበኛው አላየኝም፤ ጫማውን ነው የሚያየው።

«ልዩነት የለም» አሉ እትዬ። «ልዩነት የለም። ልዩነት የለም።» የአማካሪዬ ግንባር ቀስ በቀስ ተፈታ። የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ እትዬ ቆም አሉ።

«እዚህ ላይ ልዩነት አለ። አንዱ አስገብቷል፣ አንዱ አስወጥቷል።»

«ማን ነው ያስወጣው?» አሉ አማካሪዬ።

«እሷ።»

«አንቺ? ለምን?»

«በአይጥ ላይ የተሠራ ነዋ» አልኩ።

ዘበኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«አንተስ ምነው አስገባኸው?»

«መጨረሻው ገጽ ላይ የእናቶችም ደም ተመርምሯል» አለ። «በፊት ቢሆን እስከዚያ አላነብም ነበር። እሷ ናት፣ በየሳምንቱ ስንከራከር ጽሑፍን እንደ ሰው እስኪጨርስ ስማው እያለች ያስለመደችኝ።»

ገልጠን አየነው። እውነቱን ነው፣ አልፌዋለሁ። አማካሪዬ መጀመሪያ ፈገግ፣ ቀጥሎ ከት ብለው ሳቁ። «መኮራረጅ ሌላ፣ መማማር ሌላ። ሥራሽን ቀጥይ» አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ትንፋሼ እንዲያ ሲወጣ እትዬ ወረቀቶቹ እንዳይበሩ በእጃቸው ያዟቸው።

ደረጃው ላይ ያዝኩት።

«ለምን ጠፋህ?»

ይኸው ምጡ፣ ብዬ ጠበቅኩ።

«ኮርጀሃል ወይ ቢሉኝ አልኮረጅኩም ብዬ እምላለሁ። ግን ይግባ ስል ለጽሑፉ ይሁን ለአንቺ፣ እኔው ራሴ መለየት አቅቶኝ ነበር። በእኔ ጦስ ሥራሽ እንዲወድቅ አልፈለግሁም።»

«እና እኔን ትተህ ሥራዬን ጠበቅክልኝ?»

«ዘበኛ አይደለሁ?»

ልቆጣ አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም። «አሁንስ ለየኸው?»

«ዛሬ አንቺ በሌለሽበት ሳነበው ለየሁት። ለጽሑፉ ያልኩት ለጽሑፉ ነው። ለአንቺ ያልኩት ደግሞ ለአንቺ ነው።»

እጁን ብቻ ያዝኩት፤ እንደዚያው ሆነን ደረጃውን ወረድን።

ከምረቃው በኋላ ቤት ወስጄ ከእናትና አባቴ ጋር አስተዋወቅሁት። ምሳ በልተን እንደጨረስን እህቴ ብድግ አለችና «አንተ በር ላይ ትንሽ ጠብቅ» ብላ አስወጣችው። እናቴን ወጥ ቤት፣ አባቴን ሳሎን አድርጋ በመካከላቸው ቆመች።

«ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ለየብቻ። እማዬ?»

«ዝምተኛ ነው» አለች እናቴ በሹክሹክታ። «ለዚህች ልጅ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። ይግባ።»

ጡረታ የወጣው ሹፌሩ አባቴ ጢሙን አሻሸ። «ይህን ሁሉ ስትለፈልፍ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓቱን አላየም። እኔ አባቷ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ይግባ።»

«እንዲህ ያለ ስምምነትማ ያጠራጥራል» አለች እህቴ፣ ልጇን አቅፋ እየሳቀች። «ተኮራርጃችኋል!»

ሄጄ በሩን ከፈትኩ። ዘበኛው ደጅ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጆሮው ቀልቷል።

«እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«ልዩነት የለም» አልኩት።