ለስም የሚተው ቦታ

ጋሼ የተገኙት ፎቶ በሚመርጡበት የብርሃን ጠረጴዛቸው ላይ፣ ለሚቀጥለው ሽፋን በተነሳች ተዋናይት ፎቶዎች መሃል ሞተው፣ ተደፍተው ነው። የወረቀት መጫኛው ብረት ከወንበሩ ሥር ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቆበታል። የፊልም መጽሔቱን የሽፋን ፎቶ ለሃያ ሦስት ዓመት የመረጡት እሳቸው ነበሩ።

የዝንብ ጠንጋራ ለይታ ታውቃለች የምትባለውና ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ቁልፉን ይዛ ደጅ ቆማለች።

«በሩን ከፍቼ አየኋቸውና ጮኼ ቆለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ማንም አልገባም፣ ልጄ።»

መርፌ አንዱን ፎቶ አነሳች። ጥጉ ላይ በቀይ እርሳስ ምልክት ተደርጎበታል፤ ለሽፋን የተመረጠ ማለት ነው። ብዙ ካየችው በኋላ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ትናንት ከሥራ ሰዓት በኋላ ከጋሼ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው፦ ዋና አዘጋጁ፣ ፎቶ አንሺው፣ ተዋናይቷና ባሏ። ፎቶ አንሺው በካቴና ታስሯል፤ ከጋሼ ጋር ሲጯጯህ ፎቁ ሁሉ ሰምቶታል።

«ጮኼያለሁ» አላት። «ባልና ሚስት እንኳ እንደ እኔና ጋሼ አይጨቃጨቅም። ግን ያለ ጭቅጭቅ የወጣ ሽፋን የለንም!»

«ስንት ፎቶ ሰጠሃቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

ጠረጴዛው ላይ የተገኙት ግን ቦርሳዋ ውስጥ ካለው ጋር አሥራ አንድ ናቸው።

«ሁሉንም እንደገና አትምልኝ።»

ከሰዓት በኋላ አራቱን አዘጋጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ምልክት የሌለባቸውን አሥራ አንድ አዳዲስ ቅጂዎች ደረደረች።

«ለሽፋን የትኛው ይሁን?»

አዘጋጁ አንዱን፣ ፎቶ አንሺው ሌላውን አሳዩ። ተዋናይቷ ሻርፗን አንገቷ ላይ አጠበቀች።

«ይሄ ምን ያከራክራል?» አለ ባሏ፣ ፊቷ ከዳር እስከ ዳር የሞላውን እየጠቆመ። «ጋሼስ በቀይ ምልክት ያደረጉበት ይሄን አይደል?»

«ነው» አለች መርፌ። «ግን ያንን ምልክት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፎቶውም ከቦርሳዬ አልወጣም። እርስዎ ደግሞ ሚስቴን ከታች ስጠብቅ ነበር ብለዋል።»

«ሰው… ሰው ነግሮኝ ነው።»

«ማን?»

ባልየው ጣቱን ከፎቶው ላይ አነሳ።

«ምልክቱ የጋሼ እጅ እንዳልሆነ ግን ቀድሜ ጠርጥሬያለሁ» አለች መርፌ፣ ወደ አዘጋጁ ዞራ። «ሽፋኑ ላይ የመጽሔቱ ስም የት ነው የሚያርፈው?»

«ከራሷ በላይ ነዋ!» አሉ አዘጋጁ፣ ፎቶውን አሁን ገና ልብ ብለው እያዩ። «እዚህ ፀጉሯ ጠርዙን ነክቷል። ስማችንን ግንባሯ ላይ ልንጽፍ ነው?»

«እዚህ ቤት የሚሠራ ሰው ይህን አይመርጥም። ምልክቱን ያደረገው ሥራውን የማያውቅ ነው፤ ምርጫው ያለቀ መስሎን የጎደለውን እንዳንፈልግ።»

ከጋሼ ጠረጴዛ የጠፋውን አሥራ ሁለተኛውን ፎቶ አስቀመጠች። ከራሷ በላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። አንገቷ ላይ በአንድ ወገን አራት፣ በሌላው አንድ የጣት ሰንበር።

«ጋሼን ይህን እንዲተዉት ጠየቋቸው፤ እምቢ አሉ። ከዚያ እርስዎ ብረቱን አነሱ።»

ባልየው እጆቹን ኪሱ ውስጥ ደበቀ። ካቴናው ከፎቶ አንሺው እጅ ተፈትቶ ወደ እሱ ሄደ።

በሩ ሲዘጋ አዘጋጁ ወደ ተዋናይቷ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህቴ፣ እንግዲህ የትኛውን እናውጣ?» አሏት።

ሻርፗን ፈታች።

«ይህን ይምረጡልኝ ብዬ ጋሼን የለመንኳቸው እኔ ነኝ» አለች። ከአዘጋጁ ጠረጴዛ ቀይ እርሳስ አንስታ፣ አሥራ ሁለተኛው ፎቶ ጥግ ላይ ራሷ ምልክት አደረገችበት።