ሁለት ጣት

«እሺ ናንታሌ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሕመማቸው ስንት ጣት ነበር?»

ሲስተር አዶንግ ብዕሯን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ጠበቀች። የጠየቀችው ለወጉ ያህል ነው፤ ቁጥሩማ ጭኗ ላይ በተዘረጋው ሰማያዊ ደብተር ውስጥ ሰፍሮ ይታያል። ሰኞ ሁለት። ማክሰኞ ሁለት። ረቡዕ አንድ። ሐሙስ ሁለት። የዓርብ መስመር ባዶ ነው፤ የናንታሌ አያት፣ በአገሩ አጠራር ጃጃ ሙሎንዶ፣ ያረፉት ዓርብ ጠዋት ነው።

ናንታሌ ምንጣፉ ላይ እንደተንበረከከች ቀና አላለችም። አያቷ ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸዋል። ለቀስተኛ የተቀመጠበት የሙዝ ቅጠል ደጁ ላይ ደርቆ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

በሩ አጠገብ ማማ ኪዛ ተቀምጣለች። የመንደሩ በጎ ፈቃደኛ አስታማሚ እሷ ናት፤ ጃጃን ስምንት ወር ሙሉ ያጠበች፣ ያገላበጠች፣ የዳጉሳ አጥሚት በማንኪያ ያጎረሰች። ጉልበቷ ላይ ቢጫ ጃንጥላ አጋድማለች። ጃንጥላው ሽልማት ነው። በአሥራ ሁለቱ መንደሮች በየቤታቸው ከሚታከሙት ሁሉ የሕመም ቁጥራቸው ዝቅ ብሎ የተገኘው የእሷ ሕመምተኞች ስለሆኑ፣ ባለፈው ወር ማሳካ ከተማ ካለው የጤና ቢሮ እየተጨበጨበላት ተቀብላዋለች። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ኖረም አልኖረም ይዛው ትዞራለች።

«ሁለት በያት እንጂ ልጄ፣ ምን ያስፈራሻል?» አለች ማማ ኪዛ። «ደብተሩን የጻፍሽው ራስሽ!»

እውነት ነው። የጻፈችው ራሷ ናት።

በጣት መለካቱን ያስተማረቻቸው ሲስተር አዶንግ ነበረች፣ በመጀመሪያው ቀን። «ጡጫ ከሆነ ሕመም የለም ማለት ነው። አንድ ጣት፣ ትንሽ። አምስቱም ከተዘረጉ፣ ከዚያ የባሰ የለም።» ጃጃ በጥሞና አዳመጧት። ዕድሜ ልካቸውን የሙቱባ ዛፍ ልጥ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ልብስ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ልክ ያውቃሉ። «ታዲያ ዛሬ ስንት ነዎት?» ስትላቸው ሁለት ጣት አነሡ። ሲስተር ደስ አላት። አረንጓዴውን የሕመም ማስታገሻ ጠርሙስ ለናንታሌ ሰጠቻት፤ በየቀኑ እየጠየቀች እንድትጽፍም ሰማያዊውን ደብተር ጨመረችላት። «ቁጥሩ ከሦስት ካለፈ ንገሪኝ፤ ጠንከር ያለውን ቀዩን ጠርሙስ አመጣለሁ» አለቻት።

የሞተር ብስክሌቷ ድምፅ ኮረብታውን ሲሻገር ጃጃ ወደ ግድግዳው ዞሩ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ቀስ ብሎ ተከፈተ። አምስቱም ጣት።

«ጃጃ! አሁን ሁለት አላሉም እንዴ?»

«እሱማ ለእንግዳ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሰው ያን ሁሉ አቧራ እየቃመ ሊጠይቅሽ መጥቶ፣ 'እየሞትኩ ነው' ብለሽ ልትሸኚው ነው? እናትሽ ምን ብላ ነው ያሳደገችሽ?»

«እሷ እኮ እንግዳ አይደለችም። ነርስ ናት።»

«ወንበር ሰጥተናታል አይደል? ወንበር የተሰጠው ሁሉ እንግዳ ነው።»

ደብተሩንም እንደዚያው አስጻፏት። «ማነው የሚያነበው?» ብለው ጠየቁ። «ሲስተር።» «እንግዲያው ሁለት በይ።» አንዳንድ ቀን፣ ጨዋታ ሲያምራቸው፣ «ዛሬ እንኳ ትንሽ ደስ ይበላት፣ አንድ በይ» ይሉ ነበር።

ናንታሌ ለታላቅ እየተንበረከከች ያደገች ልጅ ናት፤ «አይሆንም» ማለት አልለመደባትም። ውሸቱ ብቻውን ተጽፎ ሲቀር ማየቱም አልሆነላትም። ስለዚህ በሒሳብ ደብተሯ የመጨረሻ ገጾች ላይ ቀኑን እየጻፈች በጎኑ ነጥብ ታስቀምጥ ጀመር። በሰማያዊው ደብተር ሁለት ባለችበት ቀን፣ እዚህ አራት ነጥብ። እዚያ አንድ፣ እዚህ አምስት ነጥብ። ለማን እንደምታሳየው አታውቅም። ቢያንስ አንድዬ ከላይ ያየዋል ብላ ይሆናል።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ጃጃ ድምፅ እንዳይወጣቸው የጸሎት መቁጠሪያቸውን ይነክሱ ነበር። በመጨረሻ ከእጃቸው ሲወሰድ፣ የእንጨት ፍሬዎቹ የጥርስ ምልክት ነበረባቸው። ያንን ያየችው ናንታሌ ብቻ ናት።

«ከከበደሽ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» አለች ሲስተር አዶንግ። ከሰሜን የመጣች ሰው ናት፤ የአገሩን ቋንቋ ስትናገር ቃሉን አንድ በአንድ እየመረጠች ነው። «ለነገሩ መልሱ እዚህ አለ። ቢሮ ውስጥ የሚወራው እኮ ስለ እናንተ መንደር ነው። እንዲያውም ከመጪው ወር ጀምሮ በየሳምንቱ መምጣቴ ይቀራል። በወር አንድ ቀን ይበቃችኋል ተብሏል። የእኔም ጊዜ፣ ቀዩም ጠርሙስ፣ ቁጥራቸው ከፍ ወዳለ መንደሮች ይሄዳል።»

«ተመስገን ነው» አለች ማማ ኪዛ። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልሞላም።

«ጃጃ ኤሪናስ?» አለች ናንታሌ።

ጃጃ ኤሪና ከሙዝ ተክሉ ማዶ ያሉ አሮጊት ጎረቤት ናቸው። ከታመሙ ሁለት ወራቸው ነው።

ሲስተር ሌላ ሰማያዊ ደብተር ገለጠች። «እሳቸውም ደህና ናቸው። ሁለት። ሁሌም ሁለት።»

ናንታሌ የተገለጠውን ደብተር አየችው። ትናንት ውኃ መቅጃው ላይ፣ የጃጃ ኤሪና የልጅ ልጅ ሮቢና ጄሪካኗን ቁጭ አድርጋ ያለቻት ትዝ አላት። ሁለቱ አንድ ክፍል ናቸው። «አቦ፣ የኔዋ ጃጃ እኮ ጉድ ናት! ቀኑን ሙሉ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ትውላለች። ነርሷ ስትመጣ ቀሚስ ቀይራ፣ ጸጉሯን አስተካክላ፣ 'ሁለት!' ትላለች። ፊልም ነው የምትሠራው!» ሮቢና ስቃ ነበር፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠ። «አንቺስ ታድለሽ። ያንቺ ጃጃ ሳይሰቃዩ ነው የሄዱት፤ መንደሩ ሁሉ የሚያወራው እሱን ነው። አይደል?»

«አዎ» ነበር ያለቻት ናንታሌ።

አሁንም «አዎ» ብትል ያልቃል። ሲስተር ወረቀቷን አጥፋ ትሄዳለች፣ ማማ ኪዛ በጃንጥላዋ ትኮራለች፣ ጃጃ ሙሎንዶም ሳይሰቃዩ የሄዱ ሰው ሆነው ይቀራሉ። ብትናገር ግን ሁሉም ያውቃል። ቀዩ ጠርሙስ በሞተር ብስክሌት አርባ ደቂቃ መንገድ ላይ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ፣ ጃጃ መቁጠሪያ እየነከሱ መሞታቸውን። ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረም።

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የጃጃ መዶሻ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በመስኮቱ የመጨረሻውን ልጥ የገፈፉበት ሙቱባ ይታያል፤ ልጡ ለራሳቸው መገነዣ ሆኗል። የተገፈፈውን ግንድ በሙዝ ቅጠል የጠቀለለችው እሷ ናት፣ እሳቸው በር ላይ ተኝተው እያዘዟት። «ጠበቅ አድርጊው፤ ዛፍ ገፎ እርቃኑን ጥሎ መሄድ የሌባ ሥራ ነው» እያሉ።

የሒሳብ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ተመልሳ ተንበረከከችና የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጣ በሰማያዊው ደብተር ላይ አስቀመጠችው።

«ልኩ ይኼኛው ነው።»

ሲስተር አዶንግ ጎንበስ ብላ አየች። «ነጥቦቹ ምንድን ናቸው?»

«ጣት ናቸው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ የነበረው።»

ሲስተር በብዕሯ ጫፍ መቁጠር ጀመረች። አምስት። አራት። አምስት። አምስት። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስትደርስ መቁጠሩን ተወችው።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንግዳ ነዎት አሉ። ወንበር ሰጥተንዎታል። እንግዳ በክፉ ወሬ አይሸኝም አሉ።»

ሲስተር የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ ታች አየችው፤ እስከ ዛሬ ያላየችው ይመስል። «በየሳምንቱ መጥቻለሁ እኮ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«በሙዝ ተክሉ ውስጥ ሳልፍ ሲያቃስቱ እሰማ ነበር» አለች ማማ ኪዛ። «ስገባ ግን 'እንደምን ነሽ ማማ ኪዛ፣ ልጆችሽ ደህና ናቸው?' ይሉኛል። እኔም ደብተሩን አያለሁ፤ ሁለት ይላል። ደግ ደጉን ማመን ይጥማል፣ ሲስተር።» ጃንጥላውን ከጉልበቷ አንሥታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

ናንታሌ አንድ ነገር ብቻ ማወቅ ፈለገች። «ይኼንን ቀደም ብዬ ባሳይዎት ኖሮ፣ ቀዩን ያመጡላቸው ነበር?»

ሲስተር አዶንግ ልትሸነግላት ትችል ነበር። ከወንበሩ ወርዳ ምንጣፉ ላይ፣ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«አዎ» አለች። «በማግስቱ።»

ናንታሌ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም። ማማ ኪዛ መጥታ እጇን ጀርባዋ ላይ አሳረፈች፤ ጃጃን ስታገላብጥ እንደነበረው፣ ቀስ ብላ። የእሷም ዓይን ደረቅ አልነበረም።

ብዙ ቆይታ ናንታሌ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች። «ወደ ጃጃ ኤሪና ዘንድ እንሂድ» አለች።

ሦስቱም በሙዝ ተክሉ መሀል ተከታትለው አለፉ። ጃንጥላው ከግድግዳው አልተነሣም።

ጃጃ ኤሪና የሞተር ብስክሌቱን ድምፅ ጠዋት ሰምተው ኖሮ ቀሚስ ቀይረው አልጋቸው ላይ ጠበቋቸው። ሮቢና ወንበር ልታመጣ ስትሮጥ ሲስተር በእጇ ከለከለቻትና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አሮጊቷ ደነገጡ። «ኧረ ነውር ነው! ሮቢና፣ ወንበር አቅርቢ! ሰው ምን ይለናል?»

«ይመቸኛል፣ ጃጃ። እንዴት ዋሉ? ዛሬ ስንት ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ ደህና ነሽ? የመጣሽበት መንገድስ?» ሁለት ጣት አነሡ። «ሁለት።»

ሲስተር ናንታሌን አየቻት። ናንታሌ ተንበርክካ ወደ አልጋው ተጠጋች፣ ነጠላቸው ጫፍ ላይ የጥርስ ምልክት እስኪታያት ድረስ።

«ጃጃ፣ እኛ ከሄድን በኋላስ?»

አሮጊቷ ቀና ብለው ተመለከቷት። «የሙሎንዶ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ መቼ ነው ነርስ የሆንሽው?»

«አልሆንኩም፣ ጃጃ። የኔ ጃጃም ሁለት ነበር የሚሉት።»

ሮቢና በሩ ላይ ቆማ ስለነበር ሰማች፤ አፏን በእጇ ያዘች። የጃጃ ኤሪና ፈገግታ ቀስ በቀስ ከፊታቸው ወረደ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ሦስተኛው ጣት ተነሣ። ቆየት ብሎ አራተኛው።

ናንታሌ የጃጃ ኤሪናን ሰማያዊ ደብተር ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ብዕሩንም ከሲስተር ተቀበለች። አልቸኮለችም። ትንሿ ጣት እስክትዘረጋ ጠበቀችና ጻፈች።