ጥይት መንከስ

«ጥይት ነክሶ? ኧረ ባክሽ! ጥርሱስ?» አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል ሳቀ።

ድንቡሼ ግን ግራ ገብቷታል። ስሙ የወጣላት ሕፃን ሳለች ነው፤ ዛሬ ከስታ እንደ ሸንበቆ ብትረዝምም አልለቃት ብሏል። የእንግሊዝኛ መምህሯ ለየተማሪው አንዳንድ የፈረንጅ አባባል አድለው፣ «ትርጉሙን አስረዱ፤ ምሳሌውን ግን ከራሳችሁ ሕይወት» ብለዋል። ለጓደኛዋ እንኳ ድመትና ውሻ ዘነበ የሚለው የኃይለኛ ዝናብ አባባል ደረሳት። ለእሷ ጥይት!

«እኛ ጥርሳችንን ነክሰን እንችል የለ? እነሱ ጥይት ይነክሳሉ፣ ያው ነው» አለች። «የማትወደውን እውነት እያመመህም ቢሆን መቀበል ማለት ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ይከብዳል? ሰው ዓይኑ እያየ እንዴት እውነት ይክዳል?» አለና የጨረሰውን ሱሪ ወረወረላት። «በይ ትርፍ ክሩን ልቀሚና ተኩሺው። ባለሱሪው ሹፌር አሁን ይመጣል።»

እንዴት ይክዳል! ድንቡሼ ጓዳ ገብታ ሱሪውን ዘረጋችው። ሱሪው ቡናማ ነው። የተሰፋው ግን በአረንጓዴ ክር፤ ቅምቅማቱም፣ የኪሶቹም አፍ።

ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። አባቷ ጨርቅን በዳሰሳ ይለያል፤ ቀለም ግን በጣት አይታወቅ ነገር! ዓይኑ ከደከመ ሰነባብቷል። እናቷ «ሐኪም ይይህ» ስትለው «ዓይኔ ምን ሆነ?» ብሎ ቤቱን በአንድ እግሩ ያቆመዋል። ስለዚህ ድንቡሼ ክር ልቀሚ በተባለች ቁጥር የተበላሸውን ትተረትራለች፣ በትክክለኛው ክር በእጇ ትሰፋለች፣ ተኩሳ ታወጣለች። ደንበኛው «እጅህ ይባረክ» ሲል አባቷ ደረቱን ይነፋል። እሷም ደስ ይላታል፤ ደግሞ መደበቋ ይከነክናታል።

መቀሷን አነሳች። ከውጭ አባቷ በስልክ ሲያወራ ተሰማት።

«የክሊኒኩን ሠራተኞች ልብስ በሙሉ? ለምን አልችልም! ነገውኑ ጨርቁን ላኩት!»

እጇ ቀጥ አለ። ያንን ሁሉ በስውር ማን ተርትሮ ይዘልቀዋል? ብነግረው ይሰበራል። ዝም ብል በሰው ፊት ይዋረዳል። ደግሞስ ጥይቱን መንከስ ያለበት ማነው፣ እሱ ነው ወይስ እኔ? ይህን መምህሯ አላስረዱም። ጭንቅላቷ ቢዞርባት ለጓደኛዋ ደወለች።

«ስሚ፣ አንድ ሰው እውነቱን እንዳያውቅ ብትረጂው ደግነት ነው ወይስ ክፋት?»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? እኔ ራሴ ከድመቶቼ ጋር ጭንቅ ላይ ነኝ!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ድንቡሼ መቀሱን አስቀመጠች። ሱሪውን እንዳለ ይዛ ወጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ወደ በሩ ና።»

«ምን ሆነ?»

«ክሩ አረንጓዴ ነው።»

«ቡናማ ነው!» ብሎ ተቆጣ። ሱሪውን ነጥቋት ብርሃን ላይ ወጣ፤ አራቀው፤ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ድንቡሼ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች።

«እንግዲህ... አንዳንዴ ያጋጥማል» አለ በመጨረሻ። «የዛሬው ብቻ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ሹፌሩ መንገዱን እየተሻገረ ነው። አዎ ብትል ሁሉም ያልቃል። አባቷም አዎ እንድትለው ፈልጎ ዓይን ዓይኗን ያያታል።

እጁን ያዘችው።

«አይደለም፣ አባዬ። እኔ እኮ ስተረትር ነው የከረምኩት።»