ከበሩ ጀርባ የመጣ መልስ

ጋሼ ቁጡ ሲሞት ሕዝቡ አጨበጨበ።

ማን ይፈርድበታል? ሽማግሌው ተዋናይ ያን ቀን ያደረገው «ባለ ደረጃው ቤት» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ ሲያደርገው የኖረውን ነው። ምራቱ ላይ ጮኸ፤ ምራቱ እያለቀሰች በኩሽናው በር ወጣች፤ እሱ እያጉረመረመ ደረጃውን ወጣ፤ ከላይ ሲደርስ መደገፊያውን በከዘራው ሁለቴ መታ፤ ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባ፤ በሩም ከኋላው ድርግም አለ። ወዲያው «ዷ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ተመልካቹ የንዴቱ ማሳረጊያ መስሎት አዳራሹን በጭብጨባ አቀለጠው።

ሶፋ ሠሪው ከሕዝቡ መሃል ነበር። ሊያጨበጭብ ፈልጎ፣ በእጁ በያዘው ባርኔጣ ስር ስልክ ደብቆ እየቀረጸ ስለነበር ተወው። ከፊቱ የቆመችው ሚስቱ ግን መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። የእውነቱ ጩኸት ከጀርባ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ይስቅ ነበር።

ባልና ሚስቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ከትንሿ ከተማቸው ድረስ የመጡት ለዚሁ ኤግዚቢሽን ነው። የድራማው ቤት ከነደረጃው፣ ከነምግብ ጠረጴዛው ተነቅሎ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተተክሏል፤ ጋሼ ቁጡም ያን ዝነኛ ንዴቱን በአካል ያሳያል ተብሏል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ድራማው ሲጀምር የስፌት መኪናዋን ታቆምና ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አትነሳም። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ነበራት፦ «እዚያ በር ውስጥ ግን ምን አለ? ክፍሉን አንድ ቀን እንኳ አሳይተውን አያውቁም እኮ!»

ሶፋ ሠሪው ይህን ጥያቄ ሊመልስላት ፈለገ። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ስልክ ማስገባት ክልክል ነበር፤ ሰው ሁሉ በር ላይ እያስረከበ ይገባል። እሱ ግን «ስልክ የለኝም» ብሎ ካልሲው ውስጥ ሸጉጦ ገባ። ሚስቱ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ፎቶ ለመነሳት ስትሰለፍ ብርቱካናማ ሻርፗን «እስቲ ያዝልኝ» ብላ አንገቱ ላይ ጣለችበት። እሷ ተራዋን ስትጠብቅ እሱ በመጋረጃው ስር ሾልኮ ወደ ጀርባ ዞረ።

ከበሩ ጀርባ ክፍል የለም። በሩ የሚከፈተው ባዶ አየር ላይ ነው፤ ከስሩ ሰው የሚረግጠው ባለ ጎማ ርብራብ ተጠግቷል፣ ለርብራቡም መውረጃ ተሠርቶለታል። በቃ፣ የጋሼ ቁጡ ክፍል ይቺው ናት! ሶፋ ሠሪው ለብቻው እየሳቀ ወጣ፤ እየቀረጸም ወረደ። ሲወርድ እግሩ የሆነ ብረት መታና «ቀጭ» አለ። ወዲያው ድምፅ ማጉያው «ትዕይንቱ ሊጀመር ነው!» ብሎ ሲያንባርቅበት ደንግጦ ሮጠ። ሻርፗን ሚስማር ይዞ አስቀራት።

ከጩኸቱ በኋላ ሽማግሌው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ መሞቱን፣ ርብራቡም ከበሩ ርቆ ግድግዳ ጥግ መቆሙን ሰው ሲያወራ ሰማ። ያ «ቀጭ» ምን እንደነበር ወዲያው ገባው። የጎማው ፍሬን ነዋ! በልቡ «ገደልኩት» አለ።

ለምርመራው የመጣችው ሴት ባልደረቦቿ «እትዬ ዝግታ» የሚሏት ናት። ጫማ ስለሚጠባት ማሰሪያውን ፈትታ እየጎተተች ትሄዳለች፤ የሚያያት ሁሉ ገበያ የወጣች አክስት እንጂ መርማሪ አትመስለውም። ተመልካቹ ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ ሻርፗን ከፍ አድርጋ ታሳይ ነበር።

«ይቺ የማን ናት? ከመድረኩ ጀርባ ነው ያገኘናት።»

ሚስቱ ሻርፗን አየች። ከዚያ የባሏን ባዶ አንገት አየች። «የኔ ናት» አለች።

«እዚያ ምን ልታደርግ ገባች?»

«እኔ ነኝ የገባሁት። ክፍሉን ልይ ብዬ።»

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን።»

ሶፋ ሠሪው «ትንሽ ይረጋጋና እናገራለሁ» አለ ለራሱ። የፈሪ ሰው «ትንሽ» መጨረሻ የለውም።

መርማሪዋ የሚፈለጉትን ሰዎች በድራማው ቤት ሳሎን ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ኤግዚቢሽኑን የሚመራው ሥራ አስኪያጅ አለ፤ አንድ ፀጉራቸው የሸበተ የመድረክ አናጢ አሉ፤ በድራማው ምራት ሆና የምትሠራው ተዋናይ አለች፣ አገሩ ሁሉ «ምራቲቱ» የሚላት። ባልና ሚስቱም ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሶፋ ሠሪው በልማድ እጁን ከኋላ ቢሰድ፣ ሶፋው ካሜራ በሚያየው በኩል ብቻ ነው ጨርቅ የለበሰው፤ ጀርባው ባዶ ጣውላ ነው። «ልክ እንደኔ» ብሎ አሰበና እጁን መለሰ።

መርማሪዋ አናጢውን አስቀደመች። «ከጀርባ መቆም የነበረብዎት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነበርኩ እንጂ። የመብራቱ ሠራተኛ ስለቀረ አለቃ ወደ ፊት ወሰዱኝ፤ መብራቱን ስይዝ ነበር።»

«ርብራቡስ?»

«ጠዋት ፍሬኑን ረግጬዋለሁ። ግን እኛ በፍሬን ብቻ አንተማመንም። ጋሼ መደገፊያውን በከዘራ ሁለቴ የሚመታው ንዴት ይመስላችኋል፣ አይደል?»

«አይደለም እንዴ?» አለች ሚስቱ፣ ጭንቋን ሁሉ ረስታ።

«ጥያቄ ነው እንጂ፣ እትዬ! ‹ወለል አለ ወይ?› ማለቱ ነው። እኔ ከታች አንድ እግሬን ርብራቡ ላይ አሳርፌ፣ አጠገቡ ያለውን ምሰሶ አንዴ እመታለታለሁ። ‹አለ፣ ግባ› ነው። መልስ ካልሰማ አይገባም። አጉረምርሞ ይወርድና እንደገና እንቀርጻለን።»

«እኛ የከዘራው ገደል ማሚቶ ነበር የሚመስለን» አለች ሚስቱ በሹክሹክታ።

«ዛሬ መላሹ ማን ነበር?» አለች መርማሪዋ።

አናጢው ወደ ምራቲቱ ዞሩ። «እሷ ነበረች። በኩሽናው በር ስትወጣ የምትደርሰው እዚያው ነው። አደራ ብያት ነበር።»

ምራቲቱ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። የድራማው እንባ ከእውነቱ ጋር ተቀላቅሎ ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። «ረሳሁት! ራሴን አሞኝ ስለነበር ቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍሌ ሄድኩ። ወደ ርብራቡ ዞር ብዬ እንኳ አላየሁም። ሳይመለስለት ገባ ማለት ነው፤ ለዚህ ጥፋተኛ ነኝ፣ አልክድም። ግን ርብራቡን እኔ አልነካሁትም» አለችና ዓይኗን ብርቱካናማዋ ሻርፕ ላይ ጣለች።

ሚስቱ አንገቷን ደፋች።

መርማሪዋ ሥራ አስኪያጁን ደረጃው ስር ወስዳ አናገረችው፤ ሰውዬው ሊያንሾካሹክ ቢሞክርም ድምፁ ጎርናና ስለሆነ ሶፋ ሠሪው ሰማ።

«ጋሼ ቁጡና ምራቲቱ እንዴት ነበሩ?»

«እንደ እሳትና ጭድ። ድራማው ሊቀጥል ነው። ጋሼ ግን ‹ወይ እሷ ወይ እኔ› አሉ። ምን እናድርግ? እሳቸውን መረጥን።»

«ታውቃለች?»

«ትናንት ነገርኳት። አላለቀሰችም። ‹እሺ› ብቻ ነው ያለችው።»

መርማሪዋ ጫማዋን አውልቃ፣ በካልሲዋ ወደ ጀርባ ሄደች። ቆየች። ስትመለስ ከርብራቡ መውረጃ ስር ያገኘቻትን ዝገት የበላት የሚስማር ቆርቆሮ ይዛ ነበር። እሷ እንደገባች አንድ ፖሊስ መጥቶ «ሴትዮዋን ወደ ጣቢያ እንውሰዳት?» አለ።

ሚስቱ ቦርሳዋን አነሳች። ባሏን አላየችውም። እሱ አሁንም ዝም አለ። ልቡ ግን «ተናገር፣ አንተ ከንቱ፣ ተናገር!» ይለዋል። ልጅ ሆኖ ሰው ሲሰድብ የሚጠቀምበት ቃል ሁሉ ዛሬ በራሱ ላይ ወረደ።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ ፖሊሱን። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ጋሼ ቁጡ መልስ ሳይሰማ ለምን ገባ?»

«ተረስቶት ይሆናላ» አለች ምራቲቱ።

አናጢው ሳይፈልጉ ሳቁ። «እሱ? የሚስቱን ስም ቢረሳ አምናለሁ። ያንን ግን አይረሳም።»

«እኔም እንደዚያ ነው የማስበው። እንግዲህ ወይ ሽማግሌው ልማዱን ጥሷል፣ ወይ መልስ ተሰጥቶታል። ይህን የሚነግረን በወቅቱ ድምፅ የቀረጸ ሰው ነው። ስልክ ግን ሁሉም በር ላይ አስረክቧል።» ወደ ሶፋ ሠሪው ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ዘበኛውን ስልክ የለኝም ብለውታል። እንግዲያው ከሱሪዎ ኪስ ተንጠልጥሎ የሚታየው የቻርጀር ገመድ ምን ይሠራል?»

ሁሉም ገመዷን አዩዋት። የሶፋ ሠሪው ጆሮ ጋለ። ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከካልሲው አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እኔ ነኝ የገባሁት» አለ። «ሻርፗ እኔ አንገት ላይ ነበረች። ስወርድ ፍሬኑን በእግሬ መታሁት። ሰውየውን የገደልኩት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አታውቅም።»

መርማሪዋ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ከፈተች። ካሜራው ወደ መሬት ዞሮ የሚወርድ እግር ይታያል፤ እግሩ አንዲት የሚስማር ቆርቆሮ መታ፣ «ቀጭ» አለ። ከቆርቆሮው ወዲያ ቀዩ የፍሬን መርገጫ እንደተረገጠ አለ፤ ርብራቡም ንቅንቅ አላለም።

«ይቺን ነው የመቱት» አለች ቆርቆሮዋን ከፍ አድርጋ። «ፍሬኑን አልነኩም።»

ሶፋ ሠሪው ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷ ግን ስልኩን ነበር የምታየው።

«ሁለተኛው» አለች መርማሪዋ። በዚህኛው ሚስቱ መሃል ላይ ቆማለች፤ ትዕይንቱ እስኪያልቅ ከቦታዋ አልተነሳችም። ከጎን በኩል አናጢው መብራቱን ይዘዋል፤ ሥራ አስኪያጁም አጠገባቸው ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጋሼ ቁጡ ደረጃውን ወጣ። ከዘራው ጠቅ፣ ጠቅ አለ። ሽማግሌው ጆሮውን ቀና አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ ከወደ ጀርባ፣ አንዴ ብቻ፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

አናጢው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «መለሰችለት!»

መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ቀጠለች። «ይህን መልስ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሞቷል። አንዱ መብራት ይዘው ይታያሉ። ሦስተኛዋ ረሳሁ፣ ዞር ብዬም አላየሁ አለች። ምሰሶው ያለው ርብራቡ ከሚቆምበት እጅ ቢዘረጋ በማይርቅ ቦታ ነው። መልሱን የሰጠ ሰው ርብራቡ መኖር አለመኖሩን ሳያይ አይቀርም። አስቀድማ ፍሬኑን ፈትታ ገፋችው፤ ከዚያ ባዶው ቦታ አጠገብ ቆማ ‹ወለል አለ፣ ግባ› አለችው። ሻርፗ ስትገኝ ደግሞ ሰበብ ከሰማይ ወረደላት።»

ምራቲቱ ቀና ብላ በሩን አየች።

«እንዲሞት አልፈለግኩም» አለች። «እግሩ ይሰበር፣ እሱም እንደኔ ቤቱ ይዋል ብዬ ነው። አሥር ዓመት በሕዝብ ፊት ሲሰድበኝ ቻልኩት እኮ፤ ሥራዬ ነው ብዬ። ስመታለት ጠብቆኝ ነበር። አመነኝ።» ከዚያ በኋላ ያለቀሰችው ለቅሶ ከቴሌቪዥኑ ጋር አይመሳሰልም፤ ድምፅ እንኳ አልነበረውም።

ሲወስዷት መርማሪዋ ጫማዋን እያጠለቀች ሶፋ ሠሪውን ጠራችው። «ሰው አልገደሉም። ይሂዱ። ስልክዎ ለጊዜው እኛ ጋ ይቆያል።»

«ገመዱን መቼ ነው ያዩት?»

«ገና በሩ ላይ።»

«ታዲያ ለምን ያኔውኑ አልጠየቁኝም?»

«ሳይጠየቁ የሚሉት ነገር ካለ ልስማ ብዬ ነዋ» አለችና ማሰሪያዋን እየጎተተች ሄደች።

ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ ነበር። ሚስቱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፤ ሻርፗም ለማስረጃ ስለቀረች አንገቷ በርዷት ኮቷን ወደ ላይ ሰብስባለች። ከተማው ወደ ኋላ ሲቀር ነው የተናገረችው።

«አንገትህን ሳይ ገባኝ» አለች። «ደንግጧል፣ እስኪረጋጋ ልያዝለት ብዬ ነው።»

«ልናገር ነበር።»

«መቼ?»

ከጠዋት ጀምሮ እጁ ላይ የነበረው ስልክ እሷን በአንድ ደቂቃ ነፃ ያወጣት ነበር። እሱ ግን የራሱን አንገት ሲጠብቅ የእሷን አሳልፎ ሰጠ። ከዚህ ደግሞ ነፃ የሚያወጣው ቪዲዮ የለም።

«ይቅር በይኝ» አለ።

እሷ መስኮቱን ታይ ነበር። ከፊታቸው ያለው ወንበር ጀርባ ላይ የብረት መያዣ አለ። ሶፋ ሠሪው ጣቱን ዘረጋና በቀስታ ብረቱን ሁለቴ መታ። ጠቅ፣ ጠቅ።

እንደሰማች ያውቃል፤ ትከሻዋ ትንሽ ተንቀሳቅሷል። እጇ ጭኗ ላይ ነበር፣ ከብረቱ አንድ ክንድ አይርቅም። ጠበቀ። አውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ላይ ቆመ፣ ሰዎች ወረዱ፣ እንደገና ተነሳ። እሱ ጆሮውን ቀና አድርጎ እንደ ሽማግሌው ጠበቀ። መልስ ካልመጣ አይገባም። ጣቱን ከብረቱ ላይ ሳያነሳ፣ እስከ ትንሿ ከተማቸው ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ።