ሦስተኛው የከዘራ ምት

ሚኒስትሩ የሞቱት በገዛ ተውኔታቸው ልምምድ ላይ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ ተውኔት ይጽፉ ነበር፤ ሹመቱ ከመድረክ ቢያርቃቸውም ብዕራቸውን አላስጣላቸውም። ከዐሥር ዓመት በኋላ ንጉሥ ሆነው ሊተውኑ ተመለሱና፣ የመድረኩ ወለል ተከፍቶ ከታች ካለው ሲሚንቶ ላይ ጣላቸው።

መርማሪዋ እንደደረሰች ንግሥቲቱን የምትጫወተው ተዋናይት ጥያቄ እንኳ አልጠበቀችም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው! ሚናዬን ሊነጥቁኝ ነበር። ከመድረኩ ሥር ወርጄ የወለሉን መቀርቀሪያ ሳብኩት።»

«በየት ወረድሽ?»

«በመሰላሉ ነዋ!»

መርማሪዋ የተዋናይቷን ቀሚስ አየች። በሽቦ የተወጠረ፣ በር የሚሞላ ቀሚስ ነው። የመሰላሉ ቀዳዳ ደግሞ ሰው ትከሻውን ሳያጠብ አያሳልፍም። የተውኔቱን አዘጋጅ ወደ ጥግ ጠራችው።

«ወለሉን የሚከፍተው ማነው?»

«የተዋናይቷ እናት ናት። ንጉሡ በከዘራቸው ወለሉን ሦስቴ ሲመቱ ከሥር ሆና ትከፍትና ባዶው ዙፋን ይወርዳል። ትናንት ግን ሚኒስትሩ ቀየሩት። ከሦስተኛው ምት በኋላ ራሳቸው እዚያ ላይ ቆመው ንግግር ሊያደርጉ፤ ወለሉ እንዳይነካ አዘዙ።»

«ይህን ነገርካት?»

«መንገር? እሳቸው ዘንድ እኮ የአፍ ነገር አይሠራም! እንደ መሥሪያ ቤታቸው ሁሉም በደብዳቤ ነው። ወረቀቱን ሰጥቼ አነበብሽው ወይ ብላት፣ እንዴታ አለችኝ።»

እናትየዋ ከመድረኩ ሥር እጇን ጉያዋ ከታ ተቀምጣለች።

«እናቴ፣ ወረቀቱን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። ማታ ማታ መማር ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። መቀርቀሪያው ራሱ ነው የለቀቀው።»

መርማሪዋ አንድ መስመር ጻፈችና ሰጠቻት። «ቃልዎን ይዩትና ይፈርሙ።»

እናትየዋ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየችው። «ልክ ነው» አለችና ስሟን ፊደል በፊደል ለቅማ ጻፈች።

መርማሪዋ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰበሰበች።

«ይህ ቀሚስ በዚያ ቀዳዳ አይገባም፤ ስለዚህ ልጅቷ አልወረደችም። መቀርቀሪያው አልተሰበረም፤ ስለዚህ በእጅ ተስቧል። የተሳበውም እንደ ድሮው በሦስተኛው ምት ነው። አዲሱ ትእዛዝ ከታች አልደረሰም ማለት ነው። እናቴ፣ የፈረሙበትን ላንብብልዎ፤ ‹ሚኒስትሩን የገደለችው ልጄ ናት› ይላል።»

«እኔ? በልጄ ላይ? አፌ ይቆረጥ!»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» አለች ልጅቷ።

«ዝም ማለቴ አይደል ሰው የገደለው! ስሜን ብቻ ነው የምጽፈው። አላውቅም ብል ያባርሩኛል፣ አንቺም ታፍሪብኛለሽ ብዬ ነው። ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰማሁ፤ ሳብኩት።»

ልጅቷ ከነሽቦዋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «ትናንት ላነብልሽ ስል ተቆጣሽኝ። እኔም ተውኩት። ልተወው አይገባም ነበር።»

አዘጋጁ ጫማውን እያየ «በመሰላሉ ወርጄ በአፌ ብነግራት ምን ነበረበት?» አለ።

መርማሪዋ የተፈረመውን ወረቀት ቀደደች። «ግድያ አይደለም። ግን ሰው ሞቷል፤ ዳኛ ፊት መቅረብዎ አይቀርም።» አዲስ ወረቀት ላይ የእናትየዋን ቃል እንዳለ ጽፋ ከብዕሩ ጋር ዘረጋችላት።

እናትየዋ ብዕሩን አልተቀበለችም። ሁሉንም በየተራ አየቻቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን ለልጇ ሰጠቻት።

«ማንበብ አልችልም» አለች። «አንብቢልኝ።»